የሰፍያ ስምንተኛ ትምህርት

ሰፍያ ሙሀመድአወልን የማያውቃት ባጃጅ ነጂ ቡታጅራ ውስጥ የለም። የምትታወቀው በውበቷ አይደለም፤ ውበቱ ባይጎድላትም። የምትታወቀው ከባጃጁ አንድ ክንድ ያህል ወደ ውጭ በሚወጣው የወረቀት ጥቅሏ ነው። የታመመ እንሰት የተሣለበትን ትልልቅ ወረቀት በብብቷ ይዛ፣ ማርከሯን ሻሿ ውስጥ ሰክታ ዘጠኝ ዓመት ዞራለች። ከመስቃን እስከ ሶዶ፣ ከጥያ እስከ አታት እሷ ያልረገጠችው ቀበሌ ቢኖር መንገድ ያልገባለት ብቻ ነው። ነጂዎቹ ጥቅሉን ከሩቅ ሲያዩ «የእንሰቷ ሐኪም መጣች» ይላሉ፤ ለጥቅሉ ግን እንደ ሰው ሁሉ ሒሳብ ያስከፍሏታል።

ሥራዋ ማሠልጠን ነው። እንሰት ላይ የሚሠራ አንድ ድርጅት ቀጥሯት፣ እንሰት ለሚፍቁ ሴቶች አጠውልግ የሚባለውን በሽታ እንዴት እንደሚከላከሉ ታስተምራለች። ይህ በሽታ ክፉ ነው። አምስትና ስድስት ዓመት ተጠብቆ ያደገን እንሰት በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከመሐል ቅጠሉ ጀምሮ ያደርቀዋል፣ መድኃኒትም የለውም። ያለው መላ እንዳይዛመት መጠንቀቅ ነው። ሰፍያ ይህንን ስታስተምር ድንጋይ ታናግራለች ይሏታል። ስትናገር ፈጣን ናት፣ ስትራመድ ፈጣን ናት፤ ስትታረም ግን ዝግተኛ ናት። ተሳስተሻል ያላትን ሰው በመጀመሪያ አተኩራ ታየዋለች፣ ቀጥላ ማስረጃ ትጠይቀዋለች፣ በመጨረሻም ማስረጃውን ታርምለታለች።

ይህች አገር ያስተማረች ሴት የገዛ እናቷን ደጅ ማስተካከል ግን አቅቷት ነበር። እናቷ ሰልሚያ ከቡታጅራ በባጃጅ ሃያ ደቂቃ በምታስኬድ መንደር ነው የምትኖረው። አጥሯን የምትጋራት ጎረቤቷ ፀጋ ትባላለች። ሰልሚያ እስላም ናት፣ ፀጋ ክርስቲያን፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለፀጋ መስቀል ሰልሚያ ትፍቃለች፣ ለሰልሚያ አረፋ ፀጋ ትፍቃለች። ሥጋው ለየቅል ቢሆንም ቆጮው የሁለቱም እጅ ያረፈበት ነው። ታዲያ የዛሬ ሁለት ዓመት የሰልሚያ ጓሮ ታመመ። አሥራ አራት እንሰት በአንድ ክረምት ጠወለገ። ሰልሚያም ተቀምጣ አሰበች። ልጇ ስንት ጊዜ ነግራታለች፤ በሽታውን ከጓሮ ጓሮ የሚያዞረው ቢላ ነው ብላ። ከውጭ ቢላ ይዛ ጓሮዋ የገባች ደግሞ ፀጋ ብቻ ናት።

ሰልሚያ አልተሳደበችም። ሰላምታዋን አሳጠረች፣ ያ ብቻ ነው ያደረገችው። «እንዴት አደርሽ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ ከብቱስ፣ ጤናስ» ይባል የነበረው «እንዴት አደርሽ» ላይ ቆመ። መስቀል ሲደርስ አልሄደችም፣ አረፋ ሲደርስም አልጠራች። ፀጋ ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ ነገሩ ሲገባት እሷም ተቀየመች። ሁለት ትልልቅ ሴቶች ሲኳረፉ መንደር ዝም ብሎ አያይምና ሴቶቹም ለሁለት ተከፈሉ፤ ከመስጊዱ በላይ ያሉት የሰልሚያ፣ ከመስጊዱ በታች ያሉት የፀጋ ሆኑ። ሃይማኖትም ዝምድናም አይደለም፣ ቢላ ነው የለያቸው። ሰፍያን የሚያንገበግባትም ይኸው ነው። እነዚህ ሴቶች የተጣሉት በሌላ በምንም ሳይሆን በእሷ ትምህርት ነው። ለእርቅ ያልላከችው ሽማግሌ የለም፤ ሽማግሌዎቹ ግን ስለ በሽታ ጀርም ምን ብለው ይፍረዱ!

እንዲህ እንዳለች ሐምሌ ላይ አለቃዋ ካሳሁን ከወልቂጤ ደወለላት። ካሳሁን ነገር ሲጀምር ሁልጊዜ በምሥራች ነው የሚጀምረው፤ ሥራው ሲነገር ነው ምሥራቹ የሚያልቀው።

«ሰፍያ፣ ከእንግዲህ በጭቃ መንከራተት ቀርቶልሻል! ሥልጠናው በስልክ ሊሆን ነው። ቴሌግራም ላይ እናደርገዋለን። በኤአይ ታዘጋጂዋለሽ፤ ጽሑፉንም ሥዕሉንም ድምፁንም እሱ ይሠራልሻል።»

«እኔስ ምን እሠራለሁ?»

«አንቺማ ታዘጋጂዋለሽ አልኩሽ። በሠላሳ ሴቶች ሞክሪው፣ መንደሩን ራስሽ ምረጪ። ነሐሴ ሳይወጣ ሃያው ከጨረሱ እንቀጥላለን፣ ካልጨረሱ ወደ ወረቀትሽ ትመለሻለሽ።»

ሰፍያ መንደሩን ለመምረጥ አንድ ደቂቃም አልፈጀባት። የእናቷን መንደር አለች። በአንድ ግቢ አንሰበሰብም ያሉ ሴቶች በአንድ ቴሌግራም ግሩፕ ይሰበሰባሉ፤ አብረው ሲማሩ አብረው ያወራሉ፣ አብረው ሲያወሩ ይታረቃሉ ብላ አሰበች። የመስቀሉ ቆጮ የሚፋቀው ነሐሴ ውስጥ ነው። እስከዚያ እናቷ ከፀጋ ጓሮ ካልገባች ሦስተኛው ዓመት ሊሆን ነው፤ ሦስት ዓመት የቆየ ኩርፊያ ደግሞ ልማድ ይሆናል።

ቅዳሜ ጠዋት ላፕቶፑን ከፍታ ለኤአዩ ጻፈችለት። «እንሰት ለሚፍቁ የገጠር ሴቶች ስለ አጠውልግ በሽታ ሰባት አጫጭር ትምህርት አዘጋጅልኝ።» ጣቷን ከቁልፉ ሳታነሳ ይወርድ ጀመር። አንዱ ትምህርት ከሦስት ደቂቃ አይብለጥ፣ በአንድ ትምህርት አንድ ነገር ብቻ ይነገር፣ በጥያቄ ይጀመር፣ ሠልጣኟ የምትሠራው ነገር ይኑረው ይላል። ሰፍያ የሚታረም ፈልጋ አጣች፤ ይህም አበሳጫት። እሷ በዘጠኝ ዓመት የደረሰችበትን ይኼ ማሽን በዘጠኝ ሰከንድ ይለዋል። ቋንቋው ግን ከረባት ያሰረ ነበር። «ውድ ሠልጣኞቻችን፣ በዛሬው ክፍለ ጊዜያችን» እያለ ይንቀባረራል። «እንደ ጎረቤት አውራ» ብላ አዘዘችው፣ ሦስት ቀን ታግላ ለዛ አስያዘችው። መልስ የሚቀበልላትንም ሮቦት ግሩፑ ውስጥ አስገባች፤ ሴቶቹ ሀ፣ ለ ወይም ሐ ብለው ሲመልሱ ትክክል ነው አይደለም የሚል ነው።

ቪዲዮው የተሠራው በመጨረሻ ነው። ጽሑፉን አሥር ጊዜ አንብባለች። ቪዲዮውን ግን ኔትወርኩ እየተንቀራፈፈ ስላስመረራት መግቢያውን ብቻ አይታ፣ ቢስሚላህ ብላ ላከችው።

በሳምንቱ ካሳሁን ደወለ። በዚህ ጊዜ ምሥራች አልነበረውም። ከሠላሳዎቹ ሃያ ስድስቱ የመጀመሪያውን ትምህርት ከፍተዋል፣ ሁለተኛውን የከፈቱት ሦስት ናቸው። «ሰለቻቸው ማለት ነው» አለ። ሰፍያ ማስረጃ ልትጠይቀው አሰበች፣ ማስረጃው ግን ቁጥሩ ራሱ ነበር። በማግስቱ ባጃጅ ይዛ ወረደች፤ ያለ ወረቀት ጥቅሏ ስትሳፈር ነጂው ታማ እንደሆነ ጠየቃት።

መጀመሪያ የሄደችው ከታችኛው ሠፈር፣ አደይ ቤት ነው። አደይ ቡታጅራ ገበያ ቆጮ የምትሸጥ፣ አንደበቷ ከቢላዋ የማይተናነስ ሴት ናት። ሰፍያ በሩ ላይ ስትደርስ ከውስጥ ሳቅ ሰማች። ሰባት ሴቶች በአንድ ስልክ ላይ ተደፍተው እንባቸውን በነጠላቸው ይጠርጋሉ።

«መጣችልን!» አለች አደይ። «ነይ እስቲ፣ ነይ ግቢ። ይኼ ሰውዬሽ የማን ባል ነው?»

«የቱ ሰውዬ?»

ስልኩን ሰጧት። ሰፍያ ያላየችውን ሁለት ደቂቃ አሁን አየችው። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ቀይ ከረባት ያሰረ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ጎልማሳ ሰው እንሰት ሥር ቁጢጥ ብሎ ይፍቃል። ከራሱ በላይ ደግሞ የበሰለ ቢጫ ሙዝ ተንጠልጥሏል። ማሽኑ እንሰትን ከሙዝ አምታቶ ኖሯል፣ ለዚህስ ይቅር ይባላል፤ ዘመዳሞች ናቸውና። ሰውየው ግን ይቅር የሚባል አልነበረም። በዚያ አገር እንሰት ሲፋቅ ወንድ አይቀርብም። ባል እንኳ ውሃ ፈልጎ ብቅ ቢል በጩኸት ይባረራል፤ ጎልማሳ ሰው ሚስቱን ፍለጋ መጥቶ ከአጥር ውጭ ቆሞ ሲጣራ ማየት የተለመደ ነው።

«ሚስቱ የት ሄዳ ነው?» አለች አንዷ። «ከረባቱን ማን ያጥብለታል?» አለች ሌላዋ። አደይም «ሙዙን እየበላ ነው እንዴ የሚፍቀው?» ስትል እንደገና ፈነዱ። አምስት ቀን ሙሉ ያቺኑ ትምህርት እየደጋገሙ ሲያዩ ነበር የከረሙት። ሁለተኛውን ያልከፈቱት ሰልችቷቸው ሳይሆን አንደኛውን አልጠገቡት ብለው ነው።

ሰፍያ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ወደደች። ዘጠኝ ዓመት ያከበሯት ሴቶች እንዲህ ይሳቁባት! በሀፍረት ተንደርድራ ወደ እናቷ ቤት ወጣች። እዚያም ደጅ ላይ ስትደርስ ሳቅ ሰማች። ሰልሚያና የላይኛው ሠፈር ሴቶች ያችኑ ቪዲዮ ከበው «ይኼ ሰውዬ ልጆቹን ማን ያሳድግለታል?» ይባባላሉ። እናቷ ሆዷን ይዛ «ወላሂ ገደለኝ» ትላለች። ሰፍያ ደጁ ላይ ቆማ ቀረች። ሁለቱ ሠፈሮች በአንድ ነገር አብረው የሳቁት በሁለት ዓመት ውስጥ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ስትመለስ ሀፍረቷ ወደ ሌላ ነገር ተለውጦ ነበር። ኤአዩን ከፈተችና ስህተቱን ነገረችው። ማሽኑም ትሁት ነው፤ «ስለ ስህተቱ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ወዲያውኑ አስተካክላለሁ» አላት።

«እንዳታስተካክል!» ብላ ጻፈችለት። «እንዲያውም አብሰህ አሳስተው።»

ሰባቱም ትምህርት እንደገና ተሠራ። ሰውየው አቶ አውቃለሁ ተባለ። በየትምህርቱ ከረባቱን አስሮ ይመጣና አንድ ጥፋት ያጠፋል፤ ሴቶቹ በድምፅ ያርሙታል፤ ትክክለኛው ትምህርት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ቀን ቢላውን በከረባቱ ወልውሎ ከታመመው ተክል ወደ ጤነኛው ይሄዳል፣ ሌላ ቀን በሬውን የታመመ እንሰት ሥር ያስራል። ግሩፑ በአንዴ ገበያ ሆነ። «ኸረ ይኼን ሰው ያዙልኝ!» የምትል አለች፣ «እናቱ አላስተማረችውም» የምትል አለች። የላይኞቹ ቀድመው ካረሙ የታችኞቹ ይናደዳሉ፣ በማግስቱ የታችኞቹ ይቀድማሉ። ኤአዩ የሴቶቹን መልስ እየሰበሰበ ያልገባቸውን ይነግራታል፤ እሷም የሚቀጥለውን ትምህርት በዚያው ልክ ታስተካክላለች። እውነቱን ለመናገር ወረቀቷን ይዛ ስትዞር ይህን ያህል ያወቀችበት ጊዜ አልነበረም፤ በወረቀቱ ዘመን የምትናገረው እሷ ብቻ ነበረች።

ሁለት ሰዎች ግን ድምፃቸው አልተሰማም። ሰልሚያም ፀጋም ሁሉንም ትምህርት ይከፍታሉ፣ ሁሉንም ይሰማሉ፣ ሁለቱም ዝም ይላሉ።

ስድስተኛው ትምህርት የቢላው ነበር። ቢላውን ከአንድ ተክል ወደ ሌላው ከመውሰድ በፊት በእሳት ማቃጠል ነው ትምህርቱ። አቶ አውቃለሁ ቢላውን ይዞ ከጓሮ ጓሮ ሲዞር ታየ። በዚህ ጊዜ ማንም አልሳቀም። ቆየት ብሎ ከላይኛው ሠፈር አንዷ «ቢላ ይዘው የሚዞሩትን እኛም እናውቃቸዋለን» ብላ ላከች።  ከሩብ ሰዓት በኋላ ግሩፑ ላይ «ፀጋ ወጣች» የሚል ጽሑፍ መጣ።

ሰፍያ ስልኩን አስቀምጣ ራሷን ያዘች። ልታስታርቅ የሰበሰበቻቸውን ጭራሽ በአደባባይ አጣልታ አረፈችው። ለፀጋ ደወለች፣ አላነሳችም። ነሐሴ ሊወጣ የቀረው አሥር ቀን ነው።

ሰባተኛው ትምህርት ቀድሞ የተዘጋጀ ስለነበር በቀኑ ተላከ። አቶ አውቃለሁ አሁን ሰው ሆኗል። ቢላውን አቃጥሏል፣ የታመመውን ነቅሎ ቀብሯል፣ በሬውንም ፈቷል። ጥያቄው «ምን ረሳ?» ይላል። መልሱ ሐ ነው፤ እጁን መታጠብ። ሃያ ያህሉ ሐ አሉ። አደይ ግን ሀም ለም ሐም አላለችም፣ በድምፅ መጣች።

«ቅጠሉን ረሳ! በሽተኛውን እንሰት ቢቀብረውም ቅጠሉን አስቀድመን ቆርጠን ወስደንበታል እኮ። ቆጮውን በምን ጠቅልለን ነው ገበያ የምናወርደው? እኔ ቅጠሉ ከማን ጓሮ እንደመጣ ሳላውቅ ነው የምጠቀልልበት። የገዛችው ቤቷ ወስዳ ትፈታዋለች፣ ቅጠሉን እንሰቷ ሥር ትጥለዋለች። ታዲያ ቢላው ብቻ ምን አደረገ?»

ሮቦቱም «መልስዎ ትክክል አይደለም። እባክዎ እንደገና ይሞክሩ» አላት። አደይ ሮቦቱን ጥርግ አድርጋ ሰደበችው።

ሰፍያ ስልኩን አነሳች፤ ልማዷ ነውና ልታርማት ነበር። «የዚህ ትምህርት ርዕስ እጅ መታጠብ ስለሆነ» ብላ ጻፈችና ጣቷ ቆመ። አደይ ልክ ናት። ከታመመ ተክል የተቆረጠ ቅጠል በሽታውን ይዞ ይሄዳል፤ ይህንን ሰፍያ ኮሌጅ ሳለች ተምራለች፣ ፈተናም መልሳበታለች። ጆሮዋን ያቃጠላት ግን እሱ አልነበረም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከየመንደሩ ባዶ እጇን ወጥታ አታውቅም። እንግዳ ባዶ እጁን አይሸኝም ብለው ሴቶቹ በቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ያሸክሟታል። እሷም ብቻዋን አትጨርሰውምና በሚቀጥለው መንደር ለምታስተናግዳት ሴት ታደርሳለች፣ የቀረውን ለእናቷ። የዛሬ ሁለት ዓመት ሰኔ ላይ በሽታው ከገባበት ሩቅ ቀበሌ ስትመለስ አንድ ትልቅ ጥቅል ለእናቷ አምጥታ ነበር። ሰልሚያ አገላብጣ መርቃታለች። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለሰፍያ ሆነ።

ለእናቷ ደወለች።

«እማ፣ ያኔ መጀመሪያ የጠወለገው የትኛው እንሰት ነው?»

«ከማድቤቱ ጀርባ ያለው ነዋ። ቆሻሻ የምጥልበት ጋ። ምነው?»

«ዝም ብዬ ነው። ፀጋ የፈቀችልሽስ የት ነበር?»

«እሷማ በፊት ለፊት በኩል ነው፣ አጥሩ ጋ። ያ ወገን መጨረሻ ነው የጠወለገው።» ቀጥላም «ምን ሆነሻል አንቺ?» አለቻት። ሰፍያ ደኅና ነኝ ብላ ዘጋች። ደኅና ግን አልነበረችም። የፀጋ ቢላ የነካው ወገን መጨረሻ ላይ ነው የታመመው። መጀመሪያ የታመመው ሰልሚያ የመጠቅለያውን ቅጠል የጣለችበት ነው።

በዚያው ቀን ከሰዓት ካሳሁን ደወለ። ምሥራቹን መልሶ አግኝቷል። «ሃያ ሦስት ሰው ጨርሷል! ወልቂጤ መጥተሽ ለሌሎቹ አሠልጣኞች ሁሉ ታሳያለሽ። ስምሽ ተነሥቷል!» ሰፍያ አመሰገነችው። ስሟ መነሣቱ ነው ያስፈራት። በሽታ አታዙሩ እያለች ስትዞር በሽታውን ያዞረችው እሷ መሆኗን ሲሰሙ ማን ደጁን ይከፍትላታል? የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሏታል፤ እውነታቸውን። ዝም ብትልስ? የቅጠሉን ትምህርት አደይ ነገረችን ብላ ብትጨምረው ማን ያውቃል? ማንም አያውቅም። ፀጋ ግን እስክትሞት ቢላዋ እንደታማ ይኖራል።  ፀጋ እኮ እሷ ስትወለድ እትብቷን የቆረጠች ሴት ናት።

እንደ ለመደችው መጀመሪያ ለኤአዩ ነገረችውና «ይቅርታ የምጠይቅበት ትምህርት ጻፍልኝ» አለችው። እሱም በሚያምር አማርኛ ጻፈላት፤ «ያጋጠመን ተግዳሮት ወደ ጠቃሚ ተሞክሮ ተለውጧል» ይላል። አንብባ ሳቀች፣ ሳቋ መሐል ላይ እንባ መጣባት። ጠቅላላውን አጠፋችው። ከዚያ ለፀጋ በሰው ስልክ ደወለች።

«እትዬ ፀጋ፣ ሰፍያ ነኝ፣ እንዳይዘጉብኝ። ለአንድ ቀን ብቻ ግሩፑ ይመለሱልኝ።»

«ልሰደብ?»

«አይደለም። የምሰደበውስ እኔ ነኝ።»

ፀጋም «አንቺ ልጅ፣ ስትሰደቢ ለማየትማ እመጣለሁ» አለችና ዘጋች።

ስምንተኛው ትምህርት ሥዕል አልነበረውም። ከረባት ያሰረም ሰው የለበትም። ሰፍያ ስልኩን አፏ ድረስ አስጠግታ በራሷ ድምፅ ተናገረች፤ ፈጣኗ ሴት ያን ቀን ቃል እየለቀመች ነበር።

«ሰፍያ ነኝ። የዛሬውን ጥፋት ያጠፋው አቶ አውቃለሁ ሳይሆን እኔ ነኝ። ሰባት ትምህርት ሳዘጋጅ ቅጠሉን ረስቼዋለሁ። አደይ ልክ ናት፤ ሮቦቱም እኔም ተሳስተናል። ከታመመ ጓሮ የተቆረጠ ቅጠል ከጓሮው እንዳይወጣ፤ ቆጮ የተጠቀለለበትን ቅጠል እንሰት ሥር አትጣሉት፣ አቃጥሉት። ሌላም አለኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት ከታመመ አገር በቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ለእናቴ አምጥቻለሁ። የእናቴ ጓሮ የታመመው ቅጠሉ ከተጣለበት ቦታ ጀምሮ ነው። ስለዚህ በሽታውን ያመጣው የእትዬ ፀጋ ቢላ አይደለም፤ እኔ ነኝ። እትዬ፣ በሁሉም ፊት ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። እማ፣ አንቺንም። አስተማሪነቴን የማትፈልጉ ካላችሁ አይከፋኝም።»  ደግሞ «ይከፋኛል፣ ግን እቀበለዋለሁ» አለችና ላከችው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ወዲያው ልትሰርዘው ቃጥቷት ስልኩን እንጀራ ሞሶብ ውስጥ ከታ ከደነችው።

ሩብ ሰዓት ያህል ቆይታ አወጣችው። ሁሉም ሰምተውታል፣ የተናገረ የለም።   ይኼኔ አንድ ድምፅ መጣ። ከዚያች ቀን በፊት ግሩፑ ላይ አንድ ቃል ተናግራ የማታውቀው ሰልሚያ ናት። ስልኩን ይዛ እንደምትጮህ ያስታውቃል፤ በቴሌግራም ሲላክ የሚሰማው በጩኸቱ ልክ ይመስላታል።

«አሰላሙ አለይኩም። ፀጋ፣ ሰልሚያ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቢላሽን ስወቅስ ኖርኩ። አፍ አውጥቼ ባልናገርም በሆዴ ወቅሻለሁ፣ አንቺም አውቀሽብኛል። በሽታውን ያመጣችው የኔዋ ልጅ ናት፣ ቅጠሉን እንሰቱ ሥር የጣልኩት ደግሞ እኔው ነኝ። አፉ በይኝ። ለመስቀሉ የሚፍቅልሽ ሰው አግኝተሻል? ካላገኘሽ እኔ አለሁ፤ ቢላዬን በእሳት አቃጥዬ እመጣለሁ። አንቺ ሰፍያ፣ አንቺን ደግሞ ቤት ስትመጪ እነግርሻለሁ።»

 ሴቶቹ ሁሉ የፀጋን መልስ ሲጠብቁ ሮቦቱ ቀደማት።

«ምላሽዎ ከምርጫዎቹ ጋር አልተዛመደም። እባክዎ ሀ፣ ለ ወይም ሐ ብለው ይመልሱ።»

ወዲያው ፀጋ መጣች። ድምፅዋ ለቅሶ ይሁን ሳቅ መለየት ያስቸግራል።

«አንተ ደግሞ ዝም በል! ትልልቅ ሰዎች ሲነጋገሩ መሐል አይገባም። ሰልሚያ፣ አፉ ብያለሁ። ነገ በጠዋት ነይ። ሰው አላገኘሁም፤ ምን ልዋሽሽ፣ ሁለቱንም ዓመት አልፈለግሁም። ብቻዬን ነው የፈቅሁት።»